ግራኙ ዲሪባ

ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ሁሉ ጎማው ተንፍሶበት እኔ ዘንድ ሲቆም የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «አሰላ! የግራኙ ዲሪባ አገር አይደል?» የሚጠይቀኝ ደግሞ ጎማውን ለመፍታት ጎንበስ ባልኩበት ሰዓት ነው፤ መዶሻው እጄ ላይ ነው፤ እግዜር ነው የሚያወጣው። አንተም ያው ጠየቅከኝ። ምን ላድርግ፣ ደንበኛ ነህ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ጊዜ አለን፤ እዚያ በርሜል ላይ ቁጭ በልና ስማኝ።

ዲሪባ ግራኝ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ! ዲሪባ ቀኝ ነው። ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ጀምሮ ቀኝ ነው። ግራኙ እኔ ነኝ፤ እኔ አሰግድ ጎሚስታው። አትሳቅ። አገር ምድሩ ስሙን በሬዲዮ የሚሰማው ልጅ የቆመበት ቦታ የኔ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልውጠው ብሞክር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድ ብሎኛል።

ዲሪባ የዲክሲስ ልጅ ነው። አባቱ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አሰላ መጣና የኛን የጓሮ ክፍል ተከራየ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ወይዘሮ አሰፋች ቤቱን የምታስተዳድረው በዚያች ኪራይ ነበር። ልጁ ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ አማርኛው ሲረጋጋ ደህና፣ ሲደነግጥ ግን ድርግም ይልበታል። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ከጡት ጋር ነው የጠባሁት፤ ሰፈራችን እንደዚያ ነው፤ ወሬውን በአማርኛ ጀምረህ በኦሮምኛ ትጨርሳለህ።

እናቴ ገና ወር ሳይሞላው ወደደችው። «ዲሪባዬ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ብላ ጋቢ አነሳችና ሰጠችው። የማንን ጋቢ? የኔን! የአሰላን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ተራራው ጭላሎ እላይህ ላይ ሆኖ ነው የሚተነፍስብህ። «እማዬ፣ እኔስ?» ብላት «አንተማ ቤትህ ነህ» አለችኝ። አንጀቴ ማረር የጀመረው ያን ለት ነው። ወጡ ውስጥ ያለው ሥጋ ለሱ፣ «ደህና አደርክ» ለሱ፣ ምርቃቱ ለሱ። እኔ ቤቴ ነኝ።

ኳስ ሜዳም ብትሄድ ያው ነው። በአሰላ ወጣቶች ቡድን እኔ የግራ መስመር አጥቂ ነበርኩ፣ እሱ መሀል አጥቂ፣ ዘጠኝ ቁጥር። እኔ መስመሩን ይዤ እስከ ማዕዘኑ እወርድና በግራዬ አሻማለሁ፤ እሱ ቆሞ ይጠብቅና በቴስታ ወይም በዚያ በቀኙ ያስገባል። ላቡ የኔ፣ ጎሉ የሱ። ሰዉ «ዲሪባ! ዲሪባ!» ይላል። ኳሷ ራሷ ክንፍ አውጥታ ግንባሩ ላይ ያረፈች ይመስል፣ ማን አሻማት የሚል አንድ ሰው የለም። እስቲ አንተ ፍረደኝ፣ እንዴት አልቅና?

ችሎታ የለውም አልልህም። ቀናተኛ እንጂ ውሸታም አይደለሁም። ኳስ ሲጠብቅ ኳሷን አያይም፤ የበረኛውን እግር ነው የሚያየው። በረኛው ወደየት እንዳደላ ካየ አበቃ። አብዶ አይሠራም፣ አይንጠባረርም፣ ሲያገባም አይጨፍርም። ይህ ሁሉ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። የሚንጠባረር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

አሁን ስለ ግራዬ ልንገርህ። እናቴ ኪዳን የማታስታጉል ሴት ናት። በልጅነቴ በግራ እጄ በመጉረሴ የቀመስኩት የጭልፋ ብዛት! «በፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙት ፍየሎቹ ናቸው። ልጄን ከፍየል ጋር አላስቆምም!» ትላለች። እጄን በመቀነቷ ከወገቤ ጋር አስራ ታበላኝ ነበር። በኋላ መቀነቱም ጭልፋውም ቀሩ፤ «አሰግድ!» ማለት ብቻ በቃት። ያቺ ድምፅ ስትወጣ ጉርሻው በራሱ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ለሰው የምመልሰውንም አስጠንታኛለች። «ቀኝ ነኝ በል። ግራኝ ሲሉህ ልትኖር ነው? ሚስትም አታገኝ» ትለኛለች። እግሬን ግን አላወቀችም፤ ኳስ ሜዳ መጥታ አታውቅማ። ግራ እግሬ ከገላዬ ሁሉ ያለ አለቃ የምትኖር እሷ ብቻ ነበረች።

ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ለወጣቶች ብሔራዊ ቡድን አጥቂ የሚመርጡ ሰው ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው ተባለ። በዚያ ጠዋት አሰልጣኛችን ጋሼ ወልደጻድቅ ወደ ዳር ሳቡኝ።

«ስማ አሰግድ፣ ከሁነኛ ሰው ሰምቻለሁ» አሉኝ። «በቀኝ የሚመታ አጥቂ ሞልቷቸዋል። የጎደላቸው ግራ መስመር ነው። ከአሰላ የሚወስዱት አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ግራ ከሆነ ብቻ። እኛ ዘንድ ካንተ ሌላ ግራ የለም። በቃ፣ ቦታው ያንተ ነው።»

ደስታዬን አትጠይቀኝ! ያን ለት ዲሪባን ለመጀመሪያ ጊዜ በፍቅር አየሁት። እንዲያውም አሳዘነኝ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞልኝ ሲሸኘኝ፣ እናቴም እያለቀሰች ስትስመኝ ታየኝ። ያኔ ጋቢውን «ይሁንልህ፣ ውሰደው» እለው ነበር።

ሜዳው ጢም ብሏል። ቀበሌው ታላቅ የስፖርት ቀን ነው ብሎ አስለፍፏል፤ ያልወጣ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር እንዳይጠብቅ ተብሏል። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ሜዳ ረግጣ የማታውቀው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችልህ። የት ብትቆም ጥሩ ነው? እኛ ከተሰለፍንበት ልክ ጀርባ። እጇን ብትዘረጋ ማጅራቴን ትይዛለች።

መራጩ አቶ ገብረ መድህን ይባላሉ፤ አጭር ናቸው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል። መጀመሪያ አሰልጣኞችን በሙሉ ከሜዳው ማዶ አባረሯቸው። «አሰልጣኝ የራሱን ልጅ ሲያሞግስ ከእናት ይብሳል» አሉ። ጋሼ ወልደጻድቅም እየተገላመጡ ሄዱ። ከዚያ ወደኛ ዞረው ተናገሩ።

«አሰላ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሯጭ ፍለጋ ነው የሚመጣው። እኔ ሯጭ አልፈልግም፤ ሩጫማ ፈረስም ይሮጣል። ስንት ጎል አገባህ ብዬም አልጠይቅም፤ በረኛው ሰነፍ ከሆነ ማንም ያገባል። እኔ የማየው ኳስ ሳይመጣ አጥቂው ምን እንደሚያደርግ ነው። ተከላካዩን ጀርባው ላይ አዝሎ ይቆማል ወይስ ከዓይኑ ይሰወርበታል? የመጀመሪያው ንክኪ ወደ ጎል ያዞረዋል ወይስ ወደ ጭንቅ? ሲነጠቅስ እጁን እያወናጨፈ ያማርራል ወይስ ሄዶ ያስመልሳል?»

ልክ ናቸው። እኔ ዛሬም የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ የማየው በሳቸው ዓይን ነው።

ከዚያ በሰልፉ ፊት እያለፉ እያንዳንዱን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። እኔ ጋ ደረሱ።

«በየት በኩል ነህ?»

ግራ ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ ከኋላዬ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

«ቀኝ!» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እናቴ ከጀርባዬ «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። ከአቶ ገብረ መድህን አጠገብ የቆመው ካድሬ፣ በቅርቡ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው፣ «ቀኝ መንገደኛ ሆንክብን እንዴ?» ሲል ሕዝቡ አውካካ። ላርም ስል እሳቸው አልፈውኛል። ቀጥሎ የቆመው ዲሪባ ነበር።

«አንተስ፣ በየት በኩል ነህ?»

ዲሪባ ደነገጠ፤ አማርኛው ድርግም አለበት። በኦሮምኛ «ገራ ሚርጋ» አለ። ወደ ቀኝ በኩል ማለቱ ነው። ልጁ ድሮም ድምፅ የለውም፤ ሚርጋ ላይ ሲደርስ ደግሞ ንፋሱ ወሰደበት። የተሰማችው ገራ ብቻ ናት።

«ግራ?» አሉ አቶ ገብረ መድህን። ፊታቸው በራ።

ዲሪባ ምን እንዳሉ እንኳ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ። ካድሬው «ግራ! ትክክለኛው መስመር!» ብሎ አጨበጨበ፤ ካድሬ ሲያጨበጭብ አገር ያጨበጭባል። ገራ ማለት በኦሮምኛ ወደ ማለት እንደሆነ እዚያ ከቆመው ሕዝብ የማያውቀው ጥቂት ነው። ግን ካድሬ ያጨበጨበበትን ነገር ማን ያርማል? እኔም ሰምቻለሁ። ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? አስተርጓሚ ብሎ የቀጠረኝ አለ? እንዲያውም ሆዴ ሳቀ። ግራ መስመር ላይ ያቆሙትና ሲደናበር ያዩታል አልኩ። ያኔ ጨንቋቸው እኔን ወደ ግራ ያዛውሩኛል፤ የዚያን ጊዜ እናቴም ብታይ የታዘዝኩት ነው እላለሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔን ቀኝ መስመር ላይ፣ ዲሪባን ግራ መስመር ላይ፣ በኔ ቦታ! ኳስ መጣችልኝ፤ መስመሩን ይዤ ወረድኩ። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ ማሻማት ያለብኝ በቀኜ ነው። ለጋሁ፤ ኳሷ ከሜዳው ወጥታ ባሕር ዛፎቹ ውስጥ ገባች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሕር ዛፍ። ወደ ውስጥ ዞሬ በግራዬ ልምታ ባልኩ ቁጥር ያቺ ነጭ ነጠላ ትታየኛለች።

ያኛውስ? ተከላካዩ ግራ ነው ስለተባለ የመስመሩን በኩል ዘግቶበት ቆመ። ዲሪባ ኳሷን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጋትና በቀኙ ለቀቃት፤ የወዲያኛውን ቋሚ ላስ አድርጋ ገባች። ያኔ በኛ ሜዳ የግራ መስመር ልጅ ወርዶ ሲያሻማ እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ በቀኙ ሲመታ ማን አይቶ ያውቃል? አቶ ገብረ መድህን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ግራ ሆኖ ቀኙ እንዲህ ከሆነ፣ ግራውማ እንዴት ሊሆን ነው!» ሲሉ በዚህ በጆሮዬ ሰማሁ። ቅጥል አልኩ።

ቆይ፣ አላለቀም። በኋላ ተከላካዩ ነቃና ውስጡን ዘጋበት። አሁን ዲሪባ እውነትም ግራ ገባው። በዚያች በር ለመርገጥ እንኳ በማትሆን ግራው ላሻማ ሲል ኳሷ ቁርጭምጭሚቱን መታችና ተልፈስፍሳ ወጣች። ሊያሻማ ነው ብሎ የወጣውን በረኛ በአናቱ አልፋ መረቡ ውስጥ ዱብ! ሕዝቡ አበደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ኧረ ምን በወጣኝ፣ እሱን ብትውጠው ነው የሚሻለው!

እልልታ ሰማሁ። ዞር ብዬ ባይ እናቴ ናት።

ጨዋታው እንዳለቀ እየሮጥኩ ሄጄ አቶ ገብረ መድህን ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ዲሪባ ቀኝ ነው። ግራው እኔ ነኝ። የሚፈልጉት እኔን ነው» አልኳቸው። እንባዬ እየወረደ ነበር።

«ታዲያ ምነው ስጠይቅህ ቀኝ አልክ?»

እናቴን ፈርቼ ልበል? ያን የሚያክል ጎረምሳ! ሰውዬው ግን ክፉ አልነበሩም። ኳሷን አስመጡና የአስራ ስድስት ከሃምሳው መስመር ላይ አስቀመጡልኝ። «በል፣ በግራህ ምታና አሳየኝ። አንድ ምት ይበቃኛል» አሉ። በረኛው ተመልሶ ቆመ። ሕዝቡ ከበበን፤ እናቴም ሰዉን እየገፋች ፊት መጣች። ዲሪባም ቆሞ ያየኛል። «እውነቱን ነው» ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጭጭ አለ። እሱንም አስተርጓሚ ብሎ የቀጠረው የለም።

ወደ ኋላ ሄድኩ። ግራዬ ትበላኛለች። መንደርደር ጀመርኩ፤ ትከሻዬን ጣል አደረግኩ፤ እናቴ ያኔ አየች። እግሬም ግራ መሆኑን ገና አሁን ገባት።

«አሰግድ!»

ያቺው ድምፅ። ማዕድ ላይ የማውቃት። ምን ብዬ እንደማስረዳህ አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም የወሰንኩት፤ እግሬ ራሷ እንደ ጉርሻው ተዛወረች። በቀኜ ለጋሁ። ባሕር ዛፍ።

አቶ ገብረ መድህን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ቅናት ያለ ነው። ውሸት ግን አያምርብህም» አሉኝና ወደ ዲሪባ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ከዚያን ለት ወዲህ አሰላ ውስጥ ስሜ ቀናተኛው አሰግድ ሆነ። ጋሼ ወልደጻድቅ ከማዶ ሲመጡ ካድሬው የዲሪባን ስም አስመዝግቦ ነገሩ አልቆ ነበር፤ የሆነውን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ዲሪባ በሳምንቱ በኔ ጋቢ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሻንጣውን አውቶቡስ ተራ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ፤ እናቴ አዛኝ ነኝ ብላ አሸክማኝ ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ይህችን ጎሚስታ ቤት ያዝኩ። እናቴ የጓሮውን ክፍል ለሌላ ብታከራይም የምትጠራው የዲሪባ ክፍል እያለች ነው። ኳስ በሬዲዮ ሲተላለፍ «ዲሪባ በግራ እግሩ» የሚል ቃል ከወጣ እልልታዋ ኢተያ ከተማ ድረስ ይሰማል። እኔ ሬዲዮኑን በጎማ ውስጥ ከትቼ ነፍቼ ባፈነዳው ደስታዬ ነው። አንዳንዴ እግሩን ወለም ባለው እልና፣ ወዲያው ደግሞ አማትቤ እተወዋለሁ።

ዘንድሮ ለጥምቀት መጣልህ። የሌዘር ጃኬት ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ አማርኛው ጥርት ብሎ። እናቴ ጭኮ ሠርታ ጠበቀችው፤ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በንጥር ቅቤ ለውሳ። ለኔ ጭኮ የሠራችልኝ መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም። ውሃ ልታመጣ ወጣ ስትል ዲሪባ ወደኔ ጠጋ አለና በኦሮምኛ ጀመረ።

«አሰግድ፣ እውነቱን አንተም እኔም እናውቀዋለን» አለኝ። «አዲስ አበባ ስደርስ በግራህ ምታ አሉኝ። ወዴት ልግባ? ሊመልሱኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ዓይኔን ጨፍኜ አንተን አሰብኩ። እንዴት ትከሻህን እንደምትጥል፣ እንዴት ጎንበስ እንደምትል። ሁለት ክረምት አንተን እየሆንኩ ተለማመድኩ። አሁን እውነትም ግራ ሆኛለሁ። ያንተ ነው፤ አልረሳውም።»

ለምስጋና ነው የተናገረው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ያጣሁትን ቆጠርኩ። ጋቢዬን ወሰደ፣ እናቴን ወሰደ፣ ቦታዬን ወሰደ፤ ለካ እግሬንም ወስዶታል!

እናቴ ተመለሰችና ከፊቱ ቁጭ ብላ ግራ ጉልበቱን ዳበስ ዳበስ አደረገች። «የሚበላበት ቀኝ፣ የሚመታበት ግራ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ይህችን ግራ እግርህን ይባርክልኝ፣ ዲሪባዬ» አለች።

ይባርክልኝ! ግራን! ከፍየሎቹ ጋር የሚቆመውን ግራ! ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። «እማዬ! ግራኙ እኔ ነኝ! እኔ ነበርኩ! ያ ቦታ የኔ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ዲሪባ አንገቱን ደፋ።

እናቴ አልደነገጠችም። ተነስታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። በዘይት የጠቆረውን ግራ እጄን ያዘችው፤ ገለባበጠችው፤ ሳመችው። እንዲያ አድርጋ በዕድሜዬ አይታኝ አታውቅም፤ ዲሪባንም እንዲያ ስታየው አይቼ አላውቅም።

«አውቃለሁ እንጂ፣ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እናትህ አይደለሁ? አንተን ከፍየሎቹ እኔ አድኜሃለሁ። እሱን ምስኪኑን ማን ያድነው? እናቱ ሩቅ ናት።»

ከዚያ ጭኮውን ወደኔ ገፋ አደረገችና «በል፣ ብላ» አለችኝ። በቀኜ በላሁ።